ከኮዱ ጋር የገቡት ስሞች

ፅዮናዊት ጎረቤቴ ናት፤ ጉድለቷን አውቃለሁ። ሰውን እምቢ ማለት አይሆንላትም። አያቷ በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ ጅቡቲ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ለመጋዘኖች ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆች እስከ ሰፈራችን ካርቲየ 6 ድረስ ይመጡባታል። የሚያድሩበትን ቦታና የቤተሰባቸውን ስልክ ትመዘግብላቸዋለች። ባሕር ከበላቸው ለእናት የሚደውል ሰው ይኑር ብላ ነው።

ዝርዝሩን ያስቀመጠችው በቢሮው ላፕቶፕ፣ ገና በጀመረችው ፕሮጀክት ፎልደር ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት ያንን ፕሮጀክት ጊት ላይ ጫነችው። ጊት የኮዱን ለውጥ ሁሉ እየመዘገበ ለሌሎች የሚያካፍል ሥርዓት ነው። ፋይሎቹን እየመረጠች ማስገባት ሲገባት፣ ያቺ ችኩል «ሁሉንም ጨምር» አለችው።

ያየችው ከምሳ በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ስም ከነማደሪያው፣ ደንበኞች ሳይቀሩ በሚከፍቱት ገጽ ላይ! ከደንበኞቹ ደግሞ የአንዱ ወንድም ፖሊስ ነው። ወዲያው ፋይሉን ሰረዘችው። ግን ጊት የተሰረዘውንም ያስቀምጣል፤ የቀድሞውን ገልጦ ያየ ሁሉ ያገኘዋል። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር አፈሳ የተጀመረ እየመሰላት ትደነግጥ ጀመር። እነዚያ ወረቀት የሌላቸው ልጆች በእሷ ጥፋት ሊታፈሱ ነው። እንደ ሕፃን ፈራች።

ጊቱን ለሚያስተዳድረው ባልደረባዋ ለነጅሙዲን ሁሉንም ነገረችው። ድሬዳዋ የተማረ ሰው ስለሆነ አማርኛው አይታማም።

«ከጊቱ የለውጥ ታሪክም ነቅዬ አወጣዋለሁ። ካንቺም ላፕቶፕ ይጠፋል» አላት። «አንድ ቅጂ ላስቀርልሽ?»

«አይሆንም! የትም እንዳይቀር፤ እባክህ ነጅሙዲን።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ፋይሉን ማንም እንዳልከፈተው አሳያትና ወደ ሥራው ተመለሰ። የዚያን ማታ እራቷን በሰላም በላች።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። ራህመት ነበረች፣ ካርቲየ 2 ስታድር የከረመችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። የደወለችው ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ከኦቦክ ወደብ ነው፤ ነፋሱ ድምጿን ይቆራርጠዋል።

«እትዬ ፅዮን፣ አሁን ልንሳፈር ነው። የእናቴ ቁጥር አንቺ ጋ አለ አይደል?»

«ቆይ፣ ድገሚልኝ፣ ልጻፈው...»

መስመሩ ተቋርጧል። መልሳ ስትደውል አንድ ሰውዬ አነሳና ጀልባው መሄዱን ነግሯት ዘጋባት።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከየመን የደወለ የለም። ፅዮናዊት ስለ ራህመት እናት የምታውቀው ከጅማ ወጣ ብላ እንደምትኖር ብቻ ነው።