ሦስት ጊዜ የተመለሰችው

ታላቅ እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርታለች። የማሽኗ ቁጥር አስራ አራት ነበር፤ ሰዉም የሚጠራት በዚያው ነው። ማሽኖቹ ሲንጫጩ ስም ስለማይሰማ ሴቶቹ በእጅ ነበር የሚጠራሩት። ሁለት እጅ ዘርግቶ አራት ጣት መጨመር ማለት እህቴ ናት። ከጎኗ አስራ አምስት ትቆማለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሁሉም በየፊናው ሄደ፤ ስልክ ቁጥራቸውም ተቀየረ፣ ተጠፋፉ።

እህቴ የፋብሪካውን ዘመን ፎቶ አትጥልም። ልጇ ድረ ገጽ ከፈተችላትና አንድ በአንድ ለጠፉት። እህቴ አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ አስራ አምስት አይታው ትመጣለች ብላ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው፣ ሴቶቹ በምሳ ሰዓት ጥጥ ላይ ጋደም ብለው የተነሡትን ፎቶ ወሰደና «ፋብሪካው ለምን እንደተዘጋ አያችሁ?» ብሎ በተነው። ከሴቶቹ አንዷ ደውላ፣ «የልጅ ልጄ አፌን ከፍቼ ስተኛ አሳየኝ» ብላ አለቀሰች።

«እንቆልፈው» አለች የእህቴ ልጅ።

በአንድ ከሰዓት የአባላት ክፍል አበጀችና ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባች። መግባት የሚፈልግ ሙሉ ስሙንና ኢሜይሉን ይሞላል፣ የይለፍ ቃል ያወጣል። ጥያቄው ለእህቴ ይደርሳል። ካወቀችው አረንጓዴውን፣ ካላወቀችው ቀዩን ትነካለች።

ወሬው ቀላል ነው። እህቴ ግን መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየጠዋቱ ስትቀመጥ ወገቧ ይቆረጥማታል፣ ዓይኗ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ካላወቅሻት ቀዩን ንኪና እለፊ» ትላታለች ልጇ።

«ሰው መመለስ ዝንብ እሽ ማለት መሰለሽ?»

እንዲህ እየሆነ ወር አለፈ። አንድ ጠዋት፣ ጥጥ ትመዝን የነበረችው ጓደኛቸው ደወለች። ከሁሉ ቀድማ የገባችው እሷ ናት።

«አንቺ፣ አስራ አምስት ምን በደለችሽ?»

«የት አለችና! ስጠብቃት ዓይኔ ፈሰሰ እኮ።»

«ሦስት ጊዜ መልሰሻታል። ቂም ይዛብኛለች እያለች ነው። በይ ስልኳን ያዢ።»

እህቴ የመለሰቻቸውን ዝርዝር ከፈተች። አንድ ስም ከነአባት ከነአያቱ ሦስት ቦታ ተጽፏል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆማ ያን ስም አንድ ቀን አልሰማችውም። ወዲያው ደውላ «አስራ አራት ነኝ» አለች።

«አቤት! ዘበኛ ሆነሻል አሉ» አለች አስራ አምስት ከወዲያ፣ በኩርፊያ ድምፅ።

«ስምሽን አላወቅሁትማ።»

«የኔን ስም?»

አስራ አምስት መልሳ፣ «ለካ እኔም ያንቺን አላውቀውም» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወዲያው ሳል ሆነ።

«በይ አሁን እንደገና ሙዪው» አለች እህቴ።

«ደከመኝ እኮ። ጣቴ ፊደል ይስታል። አራተኛስ አልሞክርም።»

«እኔም ደክሞኛል። ደክሞሽም ቢሆን ላኪው።»

ከምሳ በፊት ጥያቄ መጣ። ሙሉ ስም በሚለው ቦታ «አስራ አምስት» ብቻ ይላል። እህቴ አረንጓዴውን ነካች፤ ስህተት እንዳይሆን ብላ ደግማ ነካችው።

ከዚያ ልጇን ጠርታ፣ «ሙሉ ስም የሚለውን የማሽን ቁጥር አድርጊው» አለቻት። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና የመለሰቻቸውን እንደገና ከፈተች። አርባ አንድ ናቸው።

«ስንቷን መልሼ ይሆን?» አለች።

ትራስ ከወገቧ አደረግሁላት። ለመጀመሪያዋ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈችላት፦ «እህቴ፣ ይቅርታሽን፤ ቁጥርሽ ስንት ነበር?»