የዓይናማው መነጽር

ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ባለችው ጠባብ ጋራዥ የሚሠራውን የሞተር ሳይክል መካኒክ ሰው ሁሉ «ዓይናማው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን አየት ያደርግና፣ ጥቀርሻ ከለበሰ «ይሄ ነዳጅ በዝቶበታል»፣ ዘይት ካራሰው «ይሄ ሞተር አርጅቷል»፣ የሸክላ ቀለም ከያዘ ደግሞ «ጤነኛ ነው፣ ሂድ» ይላል። ስቶ አያውቅም ነበር። አንድ ደንብም ነበረው፤ ካንዴላ ሲቀይር አሮጌውን «ሬሳው ለባለቤቱ» እያለ ደንበኛው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው መካኒክ ሳይቀይር ቀየርኩ ይል ይሆናል፤ እሱ ግን በዚህ አይታማም።

እርጅና ግን ዓይናማ ነው ብሎ አያልፍም። የካንዴላው ጫፍ ጉም እየመሰለ ካስቸገረው ሰነባብቷል። ባለቤቱ መነጽር ገዝታ ኪሱ ከተተችለት፤ እዚያው ቀረ። ዓይናማው መነጽር አደረገ ከሚባል ሞቱን ይመርጣላ! ክንዱን ዘርግቶ አርቆ ያያል፣ የጎደለውን በልምድ ይሞላል።

አንድ ቀን አዋላጇ መጣች። ከጤና ጣቢያው ወደ ዳገቱ መንደሮች በሞተር እየተመላለሰች የምታዋልድ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ እየተንተፋተፈ ይጠፋብኛል። ካንዴላው ይሆን እንዴ?»

ፈታው፣ ክንዱን ዘርግቶ አየው። የሸክላ ቀለም መሰለው። በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርጎ መልሶ ገጠመው።

«ካንዴላው ካንቺ የበለጠ ጤነኛ ነው፣ ሲስተር። ችግሩ አነዳድሽ ነው፤ ነዳጁን ያለ ልክ ትለቂበታለሽ። ሞተሩንም እንደ ወላድ ‹ግፊ! ግፊ!› ትይዋለሽ መሰለኝ!»

ተራ የሚጠብቁት ሞተረኞች በሳቅ ፈነዱ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ልውጥ ብሎ ነበር። ዓይናማው ያን ቀን በቀልዱ ተደስቶ ዋለ።

ከሳምንታት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ሞተሯን እየገፋች ብቅ አለች። ላብ አጥምቋታል። ልትቆጣው የመጣች መስሎት አፉን አሟሸ። እሷ ግን ይቅርታ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ ነዳጁን ቀስ እያደረግኩ ነበር የምነዳው፤ ግን አልሆነልኝም። ትናንት ዳገቱ መሃል ጠፋብኝ። በእግሬ ሮጬ ስደርስ ልጁ በአያቱ እጅ ተወልዷል። ደግነቱ እናትየውም ልጁም ደህና ናቸው። ካላስቸገርኩዎት አነዳዱን አንዴ ያሳዩኝ።»

ዓይናማው ያሟሸው አፍ ደረቀበት። ካንዴላውን ፈታና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ሲያየው ክው አለ። የጫፉ ብረት ተበልቶ ዶልዱሟል፤ ነጩ ሸክላ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዷል። ብረት በሳምንታት እንዲህ አይበላም። ያኔም እንዲሁ ነበር፣ አፉን ሞልቶ ሲያሾፍባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አዲሱን ገጥሞ ዝም ማለት ይችል ነበር። አሮጌውን ወደ ቆሻሻው ባልዲ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ፣ ያን ቀን ከሳቁት ሞተረኞች አንዱ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ሬሳውስ ለባለቤቱ አይደል?» አለው፣ ለሳቅ እየተዘጋጀ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በዝምታማ ጭራሽ። ቀስ ብሎ ዞረና ካንዴላውን መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

«አነዳድሽ ምንም አልነበረውም፣ ሲስተር» አለ፣ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያኔም የሞተ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ይሄን ለማመን አፍሬ አንቺን አሳፈርኩሽ።»

የሳቀ አልነበረም። አዋላጇ ካንዴላውን አገላብጣ አየችው።

«እኔኮ ልጁ ሳልደርስለት ከተወለደ ወዲህ፣» አለች ዝግ ብላ፣ «ሥራዬንም የማልችለው ነበር የመሰለኝ።»

አዲሱን ካንዴላ መጀመሪያ በጣቱ፣ ከዚያ በቁልፍ አጠበቀው። ሞተሩ በአንድ ርግጫ ተነሳ። አዋላጇ ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ዓይናማው» አለችው።

አሹፋበት ቢሆን ይቀለው ነበር። ከልቧ ነው ያለችው።