የእናቴ ጭልፋ

ጭልፋ የድስት ጠርዝ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር፣ በልቼ ጠግቤም ቢሆን ሆዴ ባዶ የሆነ ይመስለኛል። እናቴ ቀበና አካባቢ በነበረው ትምህርት ቤታችን ለተማሪዎች ምግብ ከሚያበስሉት ሴቶች አንዷ ነበረች። ተሰልፈን ሳህናችንን ስንዘረጋ ለሁሉም ሞልታ ትጨልፍና፣ እኔ ጋ ስትደርስ ጭልፋውን ጠርዙ ላይ መታ አድርጋ ክምሩን ወደ ድስቱ ትመልሰው ነበር።

ከእሷ በፊት የነበረችው ሴት ለልጇ አበዛች ተብላ፣ ወላጆች ስሞታ አቅርበውባት ተባርራ ነበር። እናቴ ደግሞ ይህን ሥራ እስክታገኝ ድረስ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ነበር የምታሳድገን።

በጋው ገፍቶ የጤፍ ዋጋ ሲንር ቤታችን ራት ቀረ፤ የትምህርት ቤቱ ምሳ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ብሶኝ፣ «እማዬ፣ የሰው ልጅ አጥግበሽ የራስሽን ታስርቢያለሽ?» አልኳት።

«ድምፅሽን ቀንሺ! ለልጇ ታዳላለች ብለው ቢያስወጡኝ ተመልሼ እንጦጦ ልወጣ ነው? ጭራሽ ከማጣት ይሻላል፣ ቻይው።»

አኮረፍኳት።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ጓደኞቼ ይቦርቁ ነበር፣ እኔ ግን መስከረም እስኪጠባ ቀን እቆጥር ነበር። ወጥ ቤቱም አብሮ ስለሚዘጋ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ እንጦጦ ትወጣለች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ባዶ ሻይ እየጠጣን እንጠብቃታለን፤ በስብሳ ትመለስና ጋደም ትላለች። ያቺ ጎደሎ ጭልፋ ያኔ ናፈቀችኝ።

መስከረም ጠብቶ ወጥ ቤቱ ሲከፈት ሳህኔን ዘረጋሁ፣ መታ አደረገችው፣ ቀና ብዬ አየኋትና ሳህኔን ይዤ ለቀጣዩ ልጅ ቦታ ለቀቅኩ።

አሁን ሥራ ይዣለሁ፣ ወንድሜም ራሱን ችሏል፣ እናቴም ጉልበቷ ደክሞ ቤት ትውላለች። እሁድ እሁድ ስሄድ ሽሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ከኋላዬ የተሰለፈ ልጅ የለም፣ የሚታዘባትም የለም፣ ግን ስትጨልፍልኝ ዛሬም ጠርዙ ላይ መታ ታደርገዋለች። ያኔ ድምፁን ስሰማ እበሽቅ ነበር፤ አሁን ይደክመኛል።

«እማዬ፣ ማን ያየኛል ብለሽ ነው?» አልኳት ባለፈው።

«እጄ ለምዶብኝ» አለችና ደንገጥ ብላ ደግማ ጨለፈችልኝ። ያንንም መታ አደረገችው።