ግማሽ ሙዝ

አያቴ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ለቅሶ ደራሽ መቀበል አድክሞኛል። ሰው ስለ እሳቸው ሲጠይቀኝ ግን ከአንዲት ወፍ ሌላ የሚመጣልኝ ነገር የለም።

ቀጨኔ ያለው ግቢያችን አጥር ላይ ጠዋት ጠዋት የምትዘምር፣ ጭንቅላቷ የጠቆረ ቡናማ ወፍ አለች። አያቴ አንድ የበሰለ ሙዝ ለሁለት ይከፍሉና ግማሹን አጥሩ ላይ ያስቀምጡላት ነበር። ሌላውን ግማሽ እዚያው ቆመው ይበላሉ።

“አባባ፣ ስንዴ ቢበትኑላትስ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ስንዴ ለእርግብ ነው። ይቺ ፍሬና ትል ነው የምትበላው። እንደ እኔው ለስላሳ ትወዳለች፤ ትሉን ብቻ ለእሷ ትቼላታለሁ” አሉኝ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው እየሳቁ።

በተቀበሩ ማግስት ከለቅሶው የተረፈውን ንፍሮ አጥሩ ላይ በተንኩላት። መጣች፣ አየችው፣ ሄደች። እርግቦች ጨረሱት። ነግረውኝ ነበር እኮ፤ ቀልቤ የት ነበር?

ዛሬ ከአዲሱ ገበያ ሙዝ ገዛሁና ግማሹን አስቀመጥኩላት። ብዙም ሳትቆይ መጥታ በምንቃሯ እየቆነጠረች በላች።

የእሳቸውን ግማሽ መብላትም መጣልም አቃተኝ። እጄ ላይ እንዳለ ጠቆረ።