የበሬ ዓይን በሁዳዴ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ አቶ ተስፋዬ የበረዶ ሳጥን አስታቀፉኝና «ቄራ ሂጂ፤ የበሬ ዓይን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ የመጣሁ ልጅ ነኝ። ላቦራቶሪ ተብዬ የተቀጠርኩት ሥጋ ቤት ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ቄራ ስደርስ አራጆቹ ሥጋ ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው ሻኛና ሽንጥ ያሳዩኝ ጀመር። «ዓይን ብቻ ነው የምፈልገው» ስላቸው ቢላዎቹ ቆሙ። አንዱ አማተበ። ሌላው «ምነው እቴ፣ ምን አደረግንሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለምነሽ መባሌ ቀረና በጎንደር ቄራ «ዓይን ለቃሚዋ» ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣም ሌላ ስም አላወጡልኝም።

ሥራው ይኸው ነው። ሳሙናም ሆነ ቀለም፣ የፋብሪካ ማጽጃም ሆነ አሲድ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ቢፈናጠቅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ። ሰው ላይ አይሞከር ነገር! ስለዚህ ከታረደ በሬ ዓይን ላይ ከፊት ያለውን እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን፣ ኮርኒያ የምንለውን፣ ቆርጠን እናነሳለን። በቀለበት መያዣ ወጥረን ኬሚካሉን ጠብ እናደርግበታለን፤ እናጥበዋለን፤ ከዚያ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እናያለን። እንደ ጠራ ከቀረ ሸጋ ነው። ከደፈረሰ ወዮ ለተጠቃሚው። ዓይኑ ግን የዕለት መሆን አለበት። ያደረ ዓይን ሳትነኩት ራሱ ደፍርሶ ይጠብቃችኋል።

ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ በእኛ በኩል በሬ የሚያርድ የለም። እኛም ጾምን፣ መሣሪያውም ጾመ። ብልቃጥ እያጠብን፣ ሚዛን እያስተካከልን ፋሲካን እንጠብቃለን። በየዓመቱ እንዲህ ነበር፤ ማንም ምነው ብሎ አልጠየቀም።

አንድ ሁዳዴ ላይ አያ ሞላ መጡ። ኮላ ድባ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የማኪናና የወፍጮ ግራሶ የሚፍቅ ፈሳሽ ራሳቸው ቀምመው በጀሪካን ይዘዋል።

«ቅዳሜ ገበያ አወጣዋለሁ። ዓይን አይጎዳም ብላችሁ መስክሩልኝ» አሉ።

የአሲድና የሶዳ መለኪያ ወረቀት ነከርኩበት። ወዲያው ጠቆረ። «አያ ሞላ፣ ኮስቲክ ሶዳው በዝቷል። ይኼ ዓይን ያጠፋል» አልኳቸው።

«ወረቀት ቀለሙን ቢቀይር እኔን ምን ቸገረኝ? ስታጠብበት ከርሜ ምን ሆንኩ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የወፍጮ ድንጋይ የመሰለ እጅ ነው፤ ፍምም ቢይዝ አይሰማው።

«እጅና ዓይን አንድ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ቅዳሜ በሕዝብ ፊት እኔው ዓይን ውስጥ ጠብ አደርገዋለሁ! ሞላ ዋሽቶ አያውቅም!»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አቶ ተስፋዬ ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው። «በበሬ ዓይን እስክናሳይዎ ይታገሡ» ቢሏቸው «እስከ መቼ?» አሉ። «እስከ ፋሲካ።» «ጉድ እኮ ነው! እኔ ገበያዬ ቅዳሜ ነው» ብለው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወጡ። እንደሚያደርጉት አወቅሁ። ያ ደግ ሽማግሌ በእልህ ሊታወር ነው።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በጾም ወተት የነካ ማንኪያ አጠገባቸው አይደርስም። ፈራ ተባ እያልኩ «በሙስሊሞቹ በኩል ዕርድ አለ። ከዚያ ባመጣስ?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«የበሬ ዓይን።»

ዳዊታቸውን አጠፍ አደረጉ። «ትበዪዋለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠይቂኝ? ዕውር ማብራት ባንችል ሰው እንዳይታወር መከልከል ያቅተን? ሂጂ!»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልከለከለንም። ተምረን፣ ጋዋን ለብሰን፣ ዓይኑን እንደምንበላው ነበር ስናስብ የኖርነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ በሌላኛው የቄራ በር ገባሁ። ሰይድ የሚባል አራጅ ሳጥኔን አይቶ ሳቀ። «ዓይን ለቃሚዋ አንቺ ነሽ? ምነው እስከ ዛሬ እኛን ረሳሽን?» አለኝ። ጭረት እንዳይነካቸው ተጠንቅቆ ሁለት ዓይን አወጣልኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ተመለስኩ። አቶ ተስፋዬም አያ ሞላን አራዳ ገበያ ጠርሙስ ሲገዙ አግኝተው እየጎተቱ አመጧቸው።

ኮርኒያውን በመስኮቱ ትይዩ አቆምኩት። «ይዩት እስቲ።»

«ሸጋ ነው፤ ጥርት ያለ» አሉ።

ፈሳሹን ከጀሪካናቸው ራሳቸው ቀዱ። ጠብ አደረግሁት፤ ጥቂት ቆይቼ አጠብኩት። እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ቀረ። ውሃ ብቻ ያደረግሁበት ሁለተኛው ግን እንደ ጠራ ነው።

አያ ሞላ ተጠግተው አዩት፤ ራቅ ብለው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና በዚያ ሻካራ እጃቸው ሽፋሽፍታቸውን ዳሰሱ። አንጀቴን በሉት።

«አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ብቀር ሞላ ፈራ ይሉኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«ፈራ ቢሉዎ ማን እንዳለ ማየት ይችላሉ» አልኳቸው።

ወንበር ይዘው ሳቁ። «አንቺ ክፉ!» አሉና ወደ ሳጥኔ አጎነበሱ። «ነገ ትኩስ ዓይን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?»

ቅዳሜ ኮላ ድባ ገበያ ላይ ቃላቸውን ጠበቁ፤ በሕዝብ ፊት ዓይን ውስጥ ጠብ አደረጉት። የበሬ ዓይን ውስጥ። ሲነጣ ገበያተኛው «ኧረ ጉድ!» አለ። አያ ሞላም «ሶዳውን ቀንሼ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» ብለው ጀሪካኑን ወደ ቤታቸው መለሱት። ማንም ፈራ ያላቸው የለም። ፈሳሹን ሦስቴ አሻሽለው አመጡልን፤ ሁሉንም ሰይድ በሚያወጣልን ዓይኖች ፈተንን።

አያ ሞላ አሁን አርጅተዋል። ግን አራዳ ላይ ከመንገድ ማዶ ለይተው ያዩኝና «ዓይን ለቃሚዋ!» ብለው ይጣራሉ። በጠሩኝ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በእኛ ቦታ ለተተካችሁ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ማንም ያልከለከላችሁን ተከልክለናል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጠይቁ። የዓይን መከላከያ መነጽራችሁንም አድርጉ።