ዘይነባን ማንም አያንሳት

በሐይቅ ከተማ ከእኔ በላይ በሽታ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ከደጅ ሲያስነጥስ እኔ ከውስጥ ሆኜ መድኃኒቱን እነግረው ነበር። ደርግ በገባ ሰሞን የአራት ዓመት ልጄን ዘይነባን ሲያተኩሳት «ምች ነው» ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። ትኩሳቱ ለቀቃት። ለጎረቤቱ ሁሉ ጎረርኩ።

በማግስቱ ልትነሣ ስትል ወደቀች። ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ቆነጠጥኳት። አለቀሰች። እግሯ ግን አልተነቃነቀም።

ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ ጉልበቷን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ። እግሯ ዝም አለ።

«ፖሊዮ ነው። እግሯ እንደ ቀድሞው አይሆንም።»

«ሌላውስ፣ ዶክተር?» አለች ባለቤቴ ጦይባ።

«ሌላው ደህና ነው፤ እናንተ ካላበላሻችሁት።»

እኔ ለማበላሸት ቸኮልኩ። አንገቴ ደረቴ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ትምህርት ቤት በትከሻዬ አመላለስኳት። ጦይባ «አንተ ሰውዬ፣ ስትሞት ማን ሊሸከማት ነው?» ብላ የወይራ ምርኩዝ አስጠረበችላት።

በምርኩዟ በወጣች ቀን ገበያ መሀል ተደፋች። ሴቶች ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። ጦይባ እጇን ዘረጋች።

«ማንም አያንሳት!»

ጦይባ ሳትጠጋት «አብሽሪ፣ ልጄ» አለቻት። ዘይነባ ምርኩዟን ሳበች። ተንበረከከች። ቆመች። ያን ቀን ያነባሁት እንባ ሐይቁን አንድ ክንድ ሳይጨምረው አልቀረም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደሉን በምርኩዟ ጫፍ እየጠቆመች፣ «ሼህ እንድሪስ፣ እንዳያንቀላፉ!» እያለች የቀበሌያችንን አዛውንቶች ሀሁ አስቆጠረች። ቀጥላም በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ሙያ ተማረች፤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለ ሙሽራ ሁሉ፣ ዘይነባ ካልሰፋችልኝ አላገባም እስኪል ድረስ ስሟ ገነነ።

ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጅ ሲያተኩሰው የእኔን ቢጤ አዋቂ አትመኑ፤ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። አስከትቡ። ልጁ ሲወድቅ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከባዱ እሱ ነው። ለዚያ ሐኪምና ለጦይባ አላህ ኸይራቸውን ይክፈላቸው።

በደርግ መጨረሻ ግድም ሽማግሎች ከአምባሰል ድረስ መጥተው ልጅህን ለልጃችን አሉኝ። እኔም የታናሺቱን ልጄን የራህመትን ጠባይ ግማሽ ቀን አወደስኩላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሄ፣ እኛ የመጣነው ለዘይነባ ነው።»

ሆነ። ዛሬ አምባሰል ውስጥ የራሷ ቤት፣ የራሷ ልጆች፣ የራሷ ልብስ ስፌት ቤት አላት። እኔ ግን፣ ሽማግሎቹ ስሟን እስኪጠሩ ድረስ፣ ዘይነባን የሚያጭ ሰው ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ አባቷ።