በሚስማር የተወጋች ሳሙና

ፖሊሶች የወሰዱኝ ቤቴል ከምሠራበት ክሊኒክ ነው፣ ነጭ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ። በስልኬ ጽፌ ፌስቡክ ላይ በለጠፍኳት አራት መስመር ምክንያት ነበር። ኮልፌ ካሉት ፖሊስ ጣቢያዎች በአንዱ የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው፣ የጥድ ሽታ። «እሰይ፣ ንጹሕ ነው» አልኩ በሆዴ። ሞኝነቴ! ከጥዱ ሥር የምንጸዳዳበት ባልዲ ሽታ እንዳለ ነበር።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞች አለቃ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ የጽዳት ዕቃ ሱቅ የነበራቸው ጎልማሳ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ከቤታቸው ጥድ ጥድ የሚሸት አረንጓዴ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይመጣላቸዋል፤ ፖሊሱ አረቄ እንዳይሆን አሽትቶ ያሳልፈዋል። ጋሼ ታዲያ ያልተፈተገ ወለል ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ በየመዳፋችን አንዳንድ ጠብታ ያድሉናል። ከባልዲው የተመለሰ እጅ በዚያች ጠብታ ታሽቶ በቀጥታ የጋራ ሰሃን ውስጥ ይገባል። ሙያዬ ላብራቶሪ ነው፤ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ቆሻሻው ካልታጠበ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? ተራ ሳሙናና ውሃ፣ በደንብ ማሸት፣ በቃ።»

«የልብስ ሳሙና? እሱ ደሞ ምን ሽታ አለው? ስንት ዓመት የሸጥኩትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ሐሳቤን ስለገለጽኩ ታስሬ፣ እስር ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ሳሙና ሐሳቤን መግለጽ አቃተኝ። ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ተቅማጥ ገባ። ብዙዎቻችንን ነካካን፤ የጠናባቸው ግን አንድ አዛውንት ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። ለምን እንደተያዙ እሳቸውም አያውቁም።

ጋሼ ፈረዱ። «አባባ፣ አይቀየሙኝ። በሽታውን ያመጡብን እርስዎ ነዎት። ለብቻዎ በሩ ጋ ይብሉ።»

አባባ ድርሻቸውን በፌስታል ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሦስት ቀን እንደዚያ በሉ። በአራተኛው ቀን መብላት ተዉ።

«ምነው አባባ?» አልኳቸው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

በማግስቱ ባለቤቴ ሳሙና ላከችልኝ። ውስጧ ወረቀት እንዳይደበቅ ፍተሻ ላይ አራት ቦታ በሚስማር ወግተዋታል። ጠርሙሱን አሽትተው ያሳልፋሉ፣ ሳሙናን ይወጋሉ።

ምሳ ሲቀርብ ጆጉን አነሳሁ። ታናሽ ታላቁን ማስታጠቡ ደንብ ስለሆነ ማንም አልከለከለኝም። የጀመርኩት ግን ከጋሼ አልነበረም። በሩ ጋ ሄጄ በአባባ እጅ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። በዚያች በተወጋች ሳሙና ጣት በጣት፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር፣ አሸሁላቸው። እኔም በደንብ ታጠብኩና ድርሻዬን ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ይይዝሃል፣ ልጄ» አሉኝ።

«ታጥበናል እኮ፣ አባባ።»

አባባ ቆረሱ። መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ።

ሁለት እስረኞች እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሼ ጠርሙሳቸውን ይዘው መሐል ላይ ቀሩ። በመጨረሻ እየተነጫነጩ መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሽታ የለውም እኮ!»

«የለውም» አልኳቸውና ጆጉን አጋደልኩ።

ሁላችንም ከወጣን ቆየን። እስከ ዛሬ የሚያበሽቁኝ አባባ ግድግዳ እያዩ የበሉባቸው እነዚያ ሦስት ቀናት ናቸው። ሙያዬ ነበር፣ አውቅ ነበር፣ ግን ተቀምጬ ከነጋሼ ጋር በላሁ። ዛሬ ባኞ ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ጀርም ገዳይ ተደርድሯል፤ ባለቤቴን ማሳመን ካቦ ከማሳመን ስለባሰብኝ ትቼዋለሁ።

በቀደም አባባ ሳንሱሲ ቤታቸው ምሳ ጠሩኝ። ሴት ልጃቸው የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ «እሱን ወዲያ አድርጊው» አሏት። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱና ጆግና ሳሙና ይዘው መጡ። በእሳቸው ዕድሜ እኔን ሊያስታጥቡ! ደንግጬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ቁጭ በል። ተራው የኔ ነው።»

እጄን ዘረጋሁ።